ለጎማላካ የሚሆን አልኮል እንዴት ይመረጣል?

የእንጨት መቀቢያውን ጎማላካ ማግኘት ቀላል ነው። ቅርፊት ቅርፊት የመሰለውን ነገር መዝነው ይሰጧችኋል፣ አለቀ። ጣጣው የሚጀምረው ማሟሟቻ ፍለጋ ስትወጡ ነው። "አልኮል አለ?" ስትሉ አንዱ የፋርማሲ ጠርሙስ ያወጣል። ሌላው የምድጃ አልኮል ያሳያችኋል። ሦስተኛው ምንም ያልተጻፈበት ጀሪካን አንስቶ "ሁሉም የሚወስደው ይሄን ነው" ይላል። ማንም አልዋሸም፣ ሦስቱም አልኮል ነው። ግን አንዱ እንጨታችሁን ያበላሻል፣ አንዱ ደግሞ እናንተኑ ሊያበላሽ ይችላል።

የትም አገር ብትሆኑ፣ ማንኛውንም ጠርሙስ ስታነሱ ሁለት ጥያቄ ይበቃችኋል። ውስጡ ስንት ውሃ አለ? ከውሃው ሌላስ ምን ተቀላቅሎበታል?

ለምን እነዚህ ሁለቱ ብቻ እንደሆኑ ለመረዳት ጎማላካው ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ጎማላካ፣ ወይም ሼላክ፣ ሕንድና ታይላንድ ውስጥ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የምትኖር ላክ የምትባል ትንሽ ነፍሳት የምታመነጨው ሙጫ ነው። ከቅርንጫፉ ይፋቃል፣ ይታጠባል፣ ይቀልጣል፣ ከዚያ በስሱ ተዘርግቶ ይሰባበራል። አንዳንድ ከረሜላና የመድኃኒት እንክብል የሚያብለጨልጨውም ይኸው ነው፤ ማሸጊያው ላይ ኢ904 ተብሎ ታገኙታላችሁ።

በተራ ውሃ አይሟሟም። የዘይት ቀለም በሚቀጥንበት በአኳራጅም አይሟሟም። አልኮል ይፈልጋል። አልኮሉ ተኖ ሲሄድ ሙጫው እንጨቱ ላይ ይቀራል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። እንደ ዘይት ቫርኒሽ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ አይጠነክርም። ስለዚህ ሁለተኛውን እጅ ስትቀቡ የመጀመሪያው እጅ ትንሽ ይለሰልስና ከአዲሱ ጋር አንድ ይሆናል፤ ከዓመታት በኋላ የተጫረ ጠረጴዛ ለመጠገን የሚመቸውም ለዚህ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። ማሟሟቻው ውስጥ የማይተን ነገር ካለ እዚያው ቅቡ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ዘግይቶ የሚተን ነገር ካለ ደግሞ፣ በተለይ ውሃ፣ አልኮሉ ከሄደ በኋላ ብቻውን ቀርቶ ይረብሻል።

አልኮሎች ብዙ ናቸው። እኛን የሚያገባን አራቱ ነው።

ኢታኖል ከሸንኮራ ሞላሰስና ከእህል የሚወጣው፣ መጠጥ ውስጥም ያለው ነው። በ78 ዲግሪ ይፈላል። ጎማላካን በደንብ ያሟሟል፣ አተናነኑም ለብሩሽም ለጨርቅም ልክ ነው። እኔ ምርጫ ካለኝ ከዚህ አልወጣም። ሜታኖል ደግሞ ድሮ ከእንጨት ይወጣ የነበረው ነው። በ65 ዲግሪ ስለሚፈላ ቶሎ ይተናል፣ ብሩሹን ሳታነሱት ይደርቅባችኋል። ማሟሟቱን በደንብ ያሟሟል። መርዝ መሆኑ ነው ችግሩ፣ እመለስበታለሁ። አይሶፕሮፒል ፋርማሲና የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት የሚገኘው ነው፤ 99 በመቶ የሆነው ጎማላካን ያሟሟል፣ ግን ማሟሟቱም መድረቁም ቀስ ይላል። ቡታኖል በ118 ዲግሪ የሚፈላ፣ ሽታው ከባድ የሆነ አልኮል ነው። ብቻውን አይፈለግም። ቅቡ ቶሎ እየደረቀ ሲያስቸግር ጥቂት ጠብ የሚደረግ ነው።

አሁን ወደ ውሃው።

ፋርማሲ "የቁስል አልኮል" ብሎ የሚሸጥላችሁ 70 በመቶው አልኮል የሆነ ነው። ቀሪው ውሃ ነው። ማንም አላጭበረበራችሁም፤ ጀርም ለመግደል ውሃው ያስፈልጋል፣ እንዲያውም ውሃ የሌለው አልኮል ጀርም ላይ ደካማ ነው። ጎማላካ ስትጨምሩበት ግን ቅርፊቱ ያብጣል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከጠርሙሱ ሥር ተለጥፎ ይቀራል። ብትነቀንቁት፣ ፀሐይ ላይ ብታስቀምጡት አይሆንም። ትንሽ ተሟሟቶ እንኳ ብትቀቡት ነጣ ያለና የደከመ ቅብ ነው የሚሰጣችሁ። የእጅ ሳኒታይዘር ደግሞ ይብሳል። ከውሃው በተጨማሪ ቆዳ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ይገባበታል፣ ጄሉ ደግሞ ማወፈሪያ አለው። ግሊሰሪን አይተንም። ቅባችሁ ሳምንት ቢቆይም እጅ ላይ እየተለጠፈ ይኖራል።

ዳግም አረቄስ የሚል አይጠፋም። ጎበዝ አውጪ ያወጣው አረቄ እንኳ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ለሌላ ጉዳይ አስቀምጡት።

ታዲያ ስንት በመቶ ይበቃል? 95 ወይም 96 በመቶ ኢታኖል ካገኛችሁ ፍለጋው እዚያ ያበቃል። ኢታኖልን በተራ ማጣራት ከ97 በመቶ በላይ መውሰድ አይቻልም፣ እዚያ ሲደርስ ውሃውና አልኮሉ አብረው መትነን ይጀምራሉ። ከዚያ በላይ ለመሄድ ውሃውን በሌላ ዘዴ መምጠጥ ይጠይቃል፤ "አብሶሉት" የሚባለው የላቦራቶሪ ኢታኖል የሚወደደው ለዚህ ነው። ለጎማላካ ይሠራል፣ ግን ልዩነቱ ለተጨማሪው ብር አያዋጣም። ደግሞም ክዳኑን በከፈታችሁ ቁጥር ከአየሩ ውሃ ይስባል። 90 በመቶ አካባቢ የሆነ ኢታኖል ቢቸግር ይሠራል፣ በደረቅ ቀንና በስሱ ከቀባችሁት። ከዚያ በታች ከሆነ ተዉት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፣ ብዙ ሰው አልኮሉን በሐሰት ስለሚከስ። አልኮል ሲተን ያረፈበትን ያቀዘቅዛል። አየሩ እርጥብ ከሆነ በቀዘቀዘው ቅብ ላይ ጤዛ ያርፋል፣ ያ ጤዛ ቅቡ ውስጥ ይያዛል፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ጎማላካ የቀባ ያውቀዋል። ከፍታውም ያግዛል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆኑ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል አልኮሉ በፍጥነት ይተናል፣ በፍጥነት ሲተን ደግሞ የበለጠ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ በክረምት ጠዋት ከመቀባት እስከ ቀትር መጠበቅ ይሻላል፣ ዝናብ ካለ መተው ይሻላል። ጉሙ ከወጣ አትደንግጡ። ጨርቅ በንጹሕ አልኮል እርጥብ አድርጋችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ቶሎ ቶሎ እያለፋችሁ አብሱት። ቅቡ ለአፍታ ሲለሰልስ ውሃው ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ጉሙም አብሮ ይጠፋል።

ፈሳሹ ራሱ ጠርሙሱ ውስጥ ደፍርሶ ከታየ ደግሞ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ሰሙ ያልወጣለት ጎማላካ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል የራሱ ሰም አለው፣ ሰሙ አልኮል ውስጥ አይሟሟም። ጠርሙሱን ሳትነኩ አስቀምጡት። ሰሙ ከታች ይረጋና ከላይ ሻይ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ታገኛላችሁ። እሱን ቀስ ብላችሁ መገልበጥ ነው።

ውሃ እንዳለበት ለመመርመር ቀላል መንገድ አለ። ሰማያዊውን የመዳብ ሰልፌት ወስዳችሁ ነጭ ዱቄት እስኪሆን አሙቁት። ሲሞቅ ውሃውን ያጣል፣ ሰማያዊነቱም አብሮ ይሄዳል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከአልኮሉ ጥቂት ስታፈሱበት ወደ ሰማያዊ ከተመለሰ ውሃ አለ ማለት ነው። መጠኑን ለማወቅ ከፈለጋችሁ የመጠጥ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የአልኮል መለኪያ አለ፣ ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ በመቶኛ ያሳያል። ግን ይሄ መለኪያ አንድ ትልቅ ነገር አያይም፣ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የሚወስደንም እሱ ነው።

መለኪያው ሚዛን ነው የሚያየው። የኢታኖል እፍጋት 0.789 ነው፣ የሜታኖል 0.792 አካባቢ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ግማሹ ሜታኖል የሆነ ጀሪካን "95 በመቶ" ብሎ ያሳያችኋል። ሽታውም ተቀራራቢ ነው። "በእሳት ሞክረው፣ ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ጥሩ ነው" የሚባለውን አትመኑ፤ ሁለቱም ሰማያዊ ይነዳሉ፣ የሜታኖሉ እንዲያውም በቀን ብርሃን ጨርሶ ላይታይ ይችላል። በቤት ውስጥ ዘዴ መለየት አትችሉም። ከማን እንደገዛችሁና ወረቀቱ ምን እንደሚል ነው ዋስትናችሁ።

ግን ሜታኖል እዚያ ምን ያደርጋል? መልሱ ግብር ነው። የመጠጥ አልኮል በየአገሩ ከባድ ቀረጥ አለበት። ቀለም ሠሪውና አናጢው ደግሞ "እኛ አንጠጣውም፣ ለምን እንከፍላለን?" አሉ። መንግሥታት የተስማሙት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ማንም እንዳይጠጣው ይበላሽ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1855 አንድ አሥረኛው የእንጨት አልኮል የሆነ ቅይጥ ያለ ቀረጥ እንዲሸጥ ፈቀደች። አሜሪካ በ1906 ተከተለች። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን ደግሞ፣ ሰዎች የኢንዱስትሪ አልኮል እየሰረቁ ሲሸጡ፣ የአሜሪካ መንግሥት ከ1926 መጨረሻ ጀምሮ የመርዙን መጠን ከፍ እንዲል አደረገ። ብዙ ሰው ሞተበት። ዛሬ "ዲናቸርድ" የሚለው ጽሑፍ የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው፤ ኢታኖል ነው፣ እንዳይጠጣ የሆነ ነገር ገብቶበታል። ያ "የሆነ ነገር" ምን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

ሜታኖል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል፣ አሲዱ የዓይን ነርቭን ያጠፋል። ለዚህ መጠጣት የግድ አይደለም። በትንፋሽም በቆዳም ይገባል። ጨርቅ ጠቅልላችሁ በእሱ ጎማላካ የምትቀቡ ከሆነ አስቡት፤ በአልኮል የራሰ ጨርቅ በእጃችሁ ይዛችሁ ፊታችሁን ጠረጴዛው ላይ ደፍታችሁ ሰዓታት ትውላላችሁ። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደንብ በስምንት ሰዓት ውሎ አየር ውስጥ የሚፈቅደው ሜታኖል ከሚሊዮን 200 ነው፣ ኢታኖል ግን 1,000። ለቀለም ተን የሚሸጠው ባለ ካርትሪጅ ጭምብልም ሜታኖልን ይዞ አያቆየውም፣ ቶሎ ያሳልፈዋል። ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ለዚህ ሥራ አልገዛውም።

ሌሎቹ ማበላሻዎች ለጎማላካ ብዙም አያስቸግሩም። አይሶፕሮፒል ይተናል። ሜቲል ኢቲል ኪቶን የሚባለውም ይተናል፣ ሽታው ብቻ ያስቸግራል። ዴናቶኒየም አፍ ላይ ሲደርስ እጅግ የሚመር ዱቄት ነው፣ የሚገባው ግን በሊትር ሚሊግራም ብቻ ስለሆነ ቅቡን አይጎዳም። የማይሆነው ቤንዚን የገባበት የነዳጅ ኢታኖል ነው። ቀለም የገባበትም ፈዘዝ ያለ እንጨት ላይ ጥሩ አይደለም።

ቀለምና ዘይት መኖሩን ለማየት መስተዋት ላይ ጥቂት ጠብ አድርጋችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ንጹሕ አልኮል ምንም አይተውም። ክብ ምልክት፣ ቅባት ወይም ቀለም ከተወ ለጎማላካ አትጠቀሙበት።

ወረቀቱ ያልኩት የደህንነት መረጃ ሰነዱን ነው። ማንኛውም ሕጋዊ አምራች ያወጣዋል፣ ኢንተርኔት ላይም ይገኛል። ሦስተኛው ክፍል የውስጡን ዝርዝር ይናገራል። ቋንቋው ጀርመንኛ ይሁን ዕብራይስጥ ወይም ዓረብኛ አያስጨንቃችሁ፤ እያንዳንዱ ኬሚካል እንደ መኪና ታርጋ የማይለወጥ ቁጥር አለው። ኢታኖል 64-17-5 ነው። ሜታኖል 67-56-1። አይሶፕሮፒል 67-63-0። ግሊሰሪን 56-81-5። ከቁጥሩ አጠገብ በመቶኛው ይጻፋል። 64-17-5 ከ90 በላይ ከሆነ፣ 67-56-1 ደግሞ ከሌለ ወይም በጣም ጥቂት ከሆነ ግዙ።

አገር ቤት ኢታኖል የሚመጣው በዋናነት ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ነው፣ ፊንጫና መተሐራ የታወቁት ናቸው። ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካም ንጹሕና ዲናቸርድ አልኮል ያመርታል። የፋብሪካ ሌብል ያለውን፣ ያልተከፈተውን ፈልጉ፤ ዋጋው ከጀሪካኑ ትንሽ ቢበልጥም ቢያንስ የምትጠይቁት ሰው አለ። ከጀሪካን እየተቀዳ የሚሸጠው ላይ ሁለተኛ ሰው ውሃ ወይም ቲነር አለመጨመሩን በምን ታውቃላችሁ?

አሜሪካ ያላችሁ ተጠንቀቁ። የሃርድዌር ሱቅ ዲናቸርድ አልኮል ከብራንድ ብራንድ ይለያያል። አንዳንዱ ከ90 በመቶ በላይ ኢታኖል ነው፣ አንዳንዱ ግማሽ ያህሉ ሜታኖል ነው፣ ቆርቆሮው ግን አንድ ዓይነት ይመስላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በአየር ብክለት ደንቡ ምክንያት ከመደርደሪያ ጠፍቷል። በሚፈቀድበት ግዛት 190 ፕሩፍ የሆነው የመጠጥ ስፒሪት ምርጥ ነው፣ ፕሩፉን ለሁለት ስታካፍሉት 95 በመቶ ይሆናል። አጠገቡ የሚቀመጠው 151 ፕሩፍ ግን 75.5 በመቶ ብቻ ነው፣ አትሳሳቱ።

አውሮፓ ይቀላል። የጀርመን የምድጃ ስፒሪተስ ለጎማላካ ጥሩ ነው። ጣሊያን ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለው ዲናቸርድ በየሱቁ አለ፣ 90 በመቶ አካባቢ ነው፤ ለጠቆረ እንጨት ይሆናል። ለነጣ እንጨት ግን ለሊኮር መሥሪያ ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን 95 በመቶ ንጹሕ አልኮል እመርጣለሁ፣ ይወደዳል እንጂ። ብሪታንያ ሐምራዊውን ትታችሁ ቀለም የሌለውን ለእንጨት ሥራ የሚሸጠውን ጠይቁ። መጠጥ በተከለከለባቸው እንደ ኩዌት ባሉ አገሮች ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃው 99 በመቶ አይሶፕሮፒል የተሻለው መንገድ ነው። ታገሡት ብቻ፣ በአንድ ቀን ያልተሟሟ በሁለተኛው ይሟሟል።

አቀላቀሉ ብዙ አያስወራም። የውጭ ቪዲዮዎች ላይ "አንድ ፓውንድ ከት" ሲሉ በእኛ ሚዛን ለአንድ ሊትር አልኮል 120 ግራም ቅርፊት ማለት ነው። ሁለት ፓውንድ ከት 240 ግራም ይሆናል። ለመጀመሪያው እጅና ለጨርቅ ሥራ ቀጠን ያለው፣ ለብሩሽ ባለ ሁለቱ ጥሩ ነው። ቅርፊቱን ከፈጫችሁት ቶሎ ይሟሟል። የማርማላታ ብርጭቆ ተጠቀሙ፣ ብረት አይሁን፤ ጎማላካ አሲድነት ስላለው ከብረት ጋር ተያይዞ ይጠቁራል። መጀመሪያው ሰዓት ላይ ደጋግማችሁ ነቅንቁት፣ ያለዚያ ከታች ተጣብቆ ይረጋል። በነጋታው በአሮጌ ስቶኪንግ አጥልሉት። አልኮሉ ጥሩ ሆኖ ሳለ ቅርፊቱ እምቢ ካለ ደግሞ ቅርፊቱ አርጅቷል፤ ነጭ የተደረገው ዓይነት በተለይ መደርደሪያ ላይ ቆይቶ መሟሟት ያቆማል።

ለማፋጠን ብላችሁ ምድጃ ላይ እንዳትጥዱት። የኢታኖል ተን በ13 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ብልጭታ ካገኘ ይያያዛል፣ የሜታኖልና የአይሶፕሮፒልም በዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ቤታችሁ ውስጥ፣ በማንኛውም ቀን፣ ክዳኑ የተከፈተ ጠርሙስ እሳት ይጠብቃል ማለት ነው። ሻማ፣ ሲጋራ፣ የከሰል ምድጃ፣ ሁሉም ይራቅ። መስኮት ክፈቱ። ሙቀት ከፈለጋችሁ ከእሳት በወረደ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጠርሙሱን አቁሙት፣ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ።

የተረፈውን በሃይላንድ አታስቀምጡ። ቀጠን ያለ ጎማላካ ሻይ ይመስላል፣ ንጹሕ አልኮል ደግሞ ውሃ ይመስላል፣ ቤት ውስጥ ልጅም እንግዳም አለ። ጠርሙሱ ላይ ምን እንደሆነና የተቀላቀለበትን ቀን ጻፉበት። ቀኑ የሚያስፈልገው የተሟሟ ጎማላካ ውሎ አድሮ ስለሚለወጥ ነው። ሙጫው ውስጥ ያሉት አሲዶች ከአልኮሉና እርስ በርሳቸው ቀስ እያሉ ይዋሃዳሉ፣ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ቅቡ በደንብ መድረቅ ያቆማል። የቆየ ከሆነ መስተዋት ላይ ጠብ አድርጉና አሳድሩት። ጠዋት በጥፍራችሁ ስትጫኑት ከሰረጎደ ወይም ከተለጠፈ ድፉት፣ ጠረጴዛው ላይ ከቀባችሁት በኋላ ከማወቅ ይሻላል። የደረቀ ብሩሽ ግን አትጣሉ፤ አልኮል ውስጥ ስታሳድሩት ይለሰልሳል።